ለክራሯ ከፈይ፣ ለኔ አቡጀዲ

ሰው ሲያረጅ መቅናት ይተዋል ያለው ማን ነው? እሱን ሰው አምጡልኝና ላነጋግረው። ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ጥርሴ ረግፏል፣ ዓይኔ በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት ካቃተው ቆየ። ቅናቴ ግን አንድ ቀን እንኳ ራሱን አሞት አያውቅም። ይህን ሁሉ የሚያስለፈልፈኝ ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ወልዳ፣ አራስ ልጠይቅ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ስሄድ የገጠመኝ ነገር ነው። ቅቤዬን በላስቲክ ቋጥሬ ጭኔ ላይ አድርጌ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። አንዲት ልጅ ገባች። ከዐረብ አገር የተመለሰች መሆኗ ከሻንጣዋም ከሽቶዋም ያስታውቃል። ጥቁር ረዥም ነገር ታቅፋለች። ሾፌሩ "ጣራ ላይ ይውጣ" ቢላት "ሞቼ ነው!" አለችና እኔና እሷ መሃል ሸጎጠችው። ጫፉ ጎኔን ወጋኝ።

"ምንድን ነው ልጄ ይሄ? ሬሳ ነው እንዴ የጫንሽብን?" አልኋት።

"ክራር ነው እማማ፤ ይቅርታ፣ አፉ ይበሉኝ" ብላ ዚፑን ከፈት አደረገችልኝ። ውስጡ ስፖንጅ የተለጠፈበት የናይሎን ከረጢት ነው። ጣቴን ሰድጄ ዳበስሁት። ቀዝቃዛ ነው፤ የሰው እጅ ያልነካው ነገር።

"ድሮ የክራር ልብስ በባዘቶ ነበር የሚሰፋ" አልሁ፤ ምን አስቀባጠረኝ!

ልጅቷ ዓይኗ በራ። "እንዴ! ያውቁታል? አያቴ እኮ ትሰፋ ነበር! አሁንም እንድትሰፋልኝ ነው ይዤላት የምሄደው። ዓይኗ ደክሟል፤ እጄ ግን አልረሳውም ትላለች።"

"አያትሽ ማን ትባላለች?"

"ጦይባ።"

ያ ረቢ! ቅቤው ከጭኔ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ልጅቷ ጎንበስ ብላ አነሳችልኝ። ጦይባ አለች! ሰው አርባ ዓመት በሆዱ ይዞት የኖረው ስም እንዲህ ሚኒባስ ውስጥ፣ ማስቲካ በምታኝክ ልጅ አፍ ይጠራል? ሰሚራ የምትባለው ይህች ልጅ ስለ ዱባይ ታወራኛለች፣ እኔ አልሰማትም። እኔ ሌላ ዘመን ውስጥ ነኝ።

እናንተ የዛሬ ልጆች "ክራር ልብስ ነበራት" ስላችሁ ትስቁ ይሆናል። ነበራት። የኛ አገር ክራር ከሰው አብልጣ ትለብስ ነበር። ባለቤቴ ሰይድ፣ አላህ ይርሐመውና፣ ዓሣ ነጋዴ ነበር። ከሐይቁ ዳር ይቀበላል፣ በቅርጫት አድርጎ በእርጥብ ቅጠል ይሸፍናል፣ በጭነት መኪና ተንጠላጥሎ ውጫሌ ገበያ ያደርሳል። ክራሩን ከዓሣው አይለያትም። ሙያው አልነበረም፤ ጎረቤት ሲድር፣ ወዳጅ ሲሞሸር ይጠሩታል፣ ይሄዳል። አባቴ "ልጄን ለዘፋኝ አልሰጥም" ብሎ ሲፎክር "ኧረ ዘፋኝ አይደለም፣ ዓሣ ነጋዴ ነው" ብለን ነው ያሳመንነው። ታዲያ የሐይቁ እርጥበት የክራሯን ቆዳ ያረግበዋል፣ ጅማቷን ያላላዋል። እርጥበት የጠጣች ክራር ድምጿ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ነው። ስለዚህ ሁለት ጨርቅ ይቆረጥላታል፣ በጨርቁ መሃል ባዘቶ ይነጠፋል፣ ከዚያ ባዘቶው እንዳይሸሽ ከላይ እስከ ታች እንደ ዳማ ገበታ እየተከፈለ በእጅ ይሰፋል። የሚችልበት ሰው ከሰፋው ዝናብም ፀሐይም አይደፍረውም።

ያን ጊዜ አቡጀዲ ክንዱ በስሙኒ ነበር፤ ቺት ትንሽ ይወደዳል። የከፈይ ዋጋ ስንት እንደነበር አትጠይቁኝ፤ የሚጠይቁት የሚገዙ ሰዎች ናቸው። ከዐረቡ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ወይን ጠጁን ከፈይ በዓይኔ ለብሼው እመለስ ነበር። ወንዶቹ ቴትሮን ሱሪ፣ እግሩ እንደ ደወል የሰፋ፣ ከታች ኮንጎ ጫማ፣ ከላይ ጎፈሬ፤ ጎፈሬው ውስጥ ሚዶ ይሰካሉ። ሰይዴም ይሰካ ነበር፤ ምን ይደረግ፣ ያምርበታል። መንግሥት ይለዋወጣል፣ ሬዲዮኑ ይጮሃል፣ እኛ ግን የምናስበው ስለ ጨርቅ ነበር። አሁን በዚያው መንገድ ሳልፍ የዐረቡ ሱቅ ቦታ ላይ የስልክ መሸፈኛ ነው የሚሸጡት። ለስልክ እንኳ ልብስ ተሰፋለት እላለሁ በሆዴ።

አንድ የገበያ ቀን ሰይድ ከውጫሌ ሲመለስ ክራሯ ተሞሽራ መጣች። አረንጓዴ ቺት፣ በቀይ ክር ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሰፋ፣ እዚህም እዚያም እኩል እኩል ያበጠ፤ አንገቷ ላይ ዙሪያውን ወይን ጠጅ ከፈይ። ከፈይ! እኔ የሰርጌ ቀን እንኳ ያልለበስሁት ከፈይ! ዓይኔ ደም ለበሰ።

"ማን ሰፋው?" አልሁት።

"አንዲት ሴት፣ ውጫሌ።"

"አንዲት ሴት ስም የላትም?"

"ጦይባ ይሏታል።"

"ባል አላት?"

"እኔ ምኑን አውቄ! ፈት ናት መሰለኝ።"

መሰለኝ አለ። አያችሁ ነገሩን? ባል ይኑራት አይኑራት ሳያውቅ ፈት መሆኗ ግን ይመስለዋል። በኛ ዘንድ ደግሞ ወንድ ልጅ ሁለተኛ ላግባ ካለ ማን ይከለክለዋል? ጎረቤቴ ላይ ጣውንት ስትገባ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድ ሳምንት እህል አልቀመሰችም። ኋላ እያጣራሁ ስሄድ የጦይባን አሰፋፍ ደረስሁበት። ሴትዮዋ ክራሩን ተቀብላ "ሂድና በኋላ ና" የምትል አይደለችም። በአንደኛው ገበያ ትለካለች፣ በሁለተኛው ገበያ ባዘቶውን አንጥፋ ትሞክራለች፣ በሦስተኛው ቁልፉን ትተክላለች። በየጊዜው ባለቤቱ ክራሩን ይዞ ፊቷ ቁጢጥ ማለት አለበት። ሦስት ገበያ! እኔን ለሰርጌ ቀሚስ አንዴ ነው የለኩኝ፣ እሱንም በችኮላ።

ልብሱ ሲቆሽሽ ሌላ ላሰፋ ብሎ ሲሄድ፣ አላስችል አለኝና በርበሬ ልገዛ ነው ብዬ ተከተልሁት። የውጫሌ ገበያ ያኔ ሰው ከሰው የማይለይበት ነበር። ጨው ሻጮቹ ዘንድ ተከልዬ አየሁ። ጦይባ በረንዳዋ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፣ መርፌዋን ከንፈሯ ላይ ነክሳለች፣ እጇ በእንሶስላ ቀልቷል፤ ጣቶቿ ረዣዥም፣ የኔን አይመስሉም። የሰይዴ ክራር ጭኗ ላይ ተጋድማለች። ሰይድ ፊቷ ቁጢጥ ብሏል። በጣቷ ክራሯን ዳበስ ስታደርጋት ክራሯ ጭርር አለች፣ እሷም ሳቀች። ሌላ ያየሁት የለም። ይኸው ነው። ግን ያችን ሳቅ ወደ ቤቴ ይዣት ተመለስሁ፤ በርበሬውን ረስቼው።

"ከእንግዲህ የክራሯን ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ" አልሁት። ባዘቶ አዘጋጀሁ፣ አቡጀዲ ቆረጥሁ፣ ጣቴን እየወጋሁ ሰፋሁ። የወጣው ነገር እንኳን የክራር ልብስ የአህያ መደላድል አይመስልም። ባዘቶው ባንድ ወገን ተከምሮ፣ በሌላው ወገን ጠፍቶ፣ የክራሯ የግራ ክንድ ትንሽ ጎበጥ ያለ ስለሆነ እሱ ጋ ስደርስ ጨርቁ አጠረኝ። ሰይድ አገላብጦ አየው። "ማሻ አላህ፣ ይሞቃታል" አለ። አልሳቀብኝም፤ ጢሙን ግን ሲያሻሽ አይቻለሁ። ያንኑ አልብሷት ይዞር ጀመር፣ ሰው "ይሄ ምንድን ነው? ድሪቶ ነው እንዴ?" ሲለው "የሚስቴ እጅ ነው" እያለ።

በዚህ መሃል የአምባሰል ሰርግ መጣ። ሰርጉ ከውጫሌ አለፍ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው፣ ሙሽራዋ የጦይባ ጎረቤት፣ የሙሽራዋን ልብስ የሰፋችው ራሷ ጦይባ። እንግዲህ እሷ ፊት ሊዘፍን ነው! ሰይድ ሱብሂ ሊሰግድ መስጊድ ሲሄድ ተነሳሁ። ክራሯ ለብሳ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። አወረድኋትና የልብሱን አፍ፣ ቁልፉ ያለበትን፣ በድርብ ክር ሰፋሁት። ከዳር እስከ ዳር። ሰም የተቀባ ክር ነው፣ ስፌቱም ጥቅጥቅ ያለ፤ ቁልፎቹን ከላዩ መልሼ ቆለፍኋቸው፣ ምንም እንዳይታይ። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ያማረ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም። ሰይድ መጣ፣ ትከሻው ላይ አንጠለጠላት፣ "አላህ ይስጥሽ" ብሎኝ ሄደ።

ምን እንደሆነ የነገረኝ አብሮት የሄደው ወንድሜ ይማም ነው። ሰዉ ተሰብስቦ፣ ሙሽሮቹ ተቀምጠው፣ "ሰይድ ይጫወትልን!" ተባለ። ሰይድ ቁልፉን ፈታ፤ አፉ አልከፈት አለ። ሳበው፤ እምቢ። ጎንበስ ብሎ ስፌቱን አየ። ሰዉም አየ። ጉድ ፈላ! "ሚስትህ ዘጋችብህ!" እያሉ ሳቁ፤ አንዱ ቢላ፣ ሌላው ምላጭ አቀበለው። ሰይድ ቢላውን መለሰለት። ክራሯን ከነልብሷ አጠገቡ አስቀመጣት፣ በጭብጨባ አስጀመራቸውና በባዶ ድምፁ፣ በአምባሰል ቅኝት ለቀቀው፦

"በመርፌ ሰፋችው የክራሬን ጉሮሮ፣
የኔስ አፍ መች ያርፋል ሲጠራት ዘንድሮ።"

ይማም ሲነግረኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ደግሞም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ሰይድ በማግስቱ መጣና ክራሯን ጭኔ ላይ አደረጋት። "ክፈቻት" አለኝ።

"ቢላ አጥተህ ነው?"

"ቢላማ ሞልቶ። አንቺ የሰፋሽውን እኔ ምን ቆርጦኝ እቀደዋለሁ?"

እያለቀስሁ አንድ በአንድ ፈታሁት። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ ባለቀ። አላልሁም። "ጦይባ ነበረች?" አልሁት። ዘወር ብሎ አየኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ነበረች መሰለኝ።" አሁንም መሰለኝ! ከዚያ ወዲህ በተጣላን ቁጥር ጠይቄዋለሁ፣ በታረቅንም ቁጥር። አንዴ ይስቃል፣ አንዴ ይቆጣል፣ አንዴ "አንቺ ሴት አታርፊም?" ይላል፤ የለም ወይም አዎ ብሎኝ አያውቅም። ልጆች ወለድን፣ ዳርን። ውጫሌ በሄደ ቁጥር ሸሚዙን አሸትቻለሁ፣ የዓሣ እንጂ የሌላ ነገር ሽታ አግኝቼ አላውቅም፤ ያም አላሳረፈኝም። ኋላ ታመመና ክራሯን ለይማም ሰጣት። ለእኔ ግን ሳይመልስልኝ ሞተ። ሰው መሰለኝ ብሎ ይሞታል?

እንግዲህ ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ ነው ከሰሚራ ጋር ከሚኒባሱ የወረድሁት። "አያትሽን ሰላም ልበላትና እሄዳለሁ" አልኋት። የምትመልስልኝ ሰው በሕይወት ካለች፣ ሳልጠይቃት ብሞት ቀብሬም አይቀበለኝ። በባጃጅ ደረስን። በረንዳው ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር፣ የጎበጠ ትከሻ፣ አገጯ ላይ ሦስት ነጭ ጠጉር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። አስተግፊሩላህ! ከዚያ እጇን ለሰላምታ ዘረጋችልኝ። ጣቶቿ አሁንም ረዣዥም ናቸው። ደስታዬ ሄደ።

"ከወዴት ነዎት?" አለችኝ።

"ከሐይቅ። የሰይድ ባለቤት ነኝ።" እንዳታመልጠኝ ፊቷን ትክ ብዬ አያለሁ።

"የትኛው ሰይድ?"

"የክራሩን ልብስ ይሰፉለት የነበረው ሰይድ!"

"ኧረ የኔ እመቤት፣ ሰይድማ ስንቱ! ውጫሌ ላይ ድንጋይ ብትወረውሪ የምትመቺው ሰይድን ነው" ብላ ሳቀች። ያቺው ሳቅ ናት።

"ዓሣ ነጋዴው። ረዥሙ። ጎፈሬ ያለው፣ ፍንጭቱ።" አንቱታዬም ጠፋ። "ሦስት ገበያ ሙሉ ፊትሽ ቁጢጥ ሲል የከረመው!"

አሰበች፣ አሰበች። "አላስታውሰውም እህቴ" አለች። "ክራሩ ምን ዓይነት ነበር?"

"የግራ ክንዷ ጎበጥ ያለ..."

"እሷን ነው የምትይኝ!" ብላ ጭኗን መታች። "እሷንማ እንዴት እረሳለሁ! ታችዋ የተሰነጠቀ፣ በጅማት የተሰፋ። እዚያ ላይ ባዘቶ ደርቤላታለሁ። አንገቷን ከፈይ ያደረግሁት ትርፍራፊ ጨርቅ ስለነበረኝ ነው። ክንዷ ጋ ጨርቅ ያጥራል፤ በወርዱ አይደለም፣ በሰያፍ ነው የሚቆረጠው። ስነካት ጭርር ትላለች፣ ሁልጊዜ ታስቀኝ ነበር።"

"ባለቤቷስ?"

"ባለቤቷን እንጃ።"

"እንዴት እንጃ? ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ!"

"እኔ እኮ ስሰፋ ቀና አልልም። ቀና ካልሁ ባዘቶው ይሰበሰብብኛል። የሰዉን ጫማ ነበር የማየው" አለችኝ። ሰርጉንም ጠየቅኋት። የሙሽራዋን ልብስ ስትሰፋ ከርማ ደክሟት ተኝታ ኖሯል፣ አልሄደችም።

እንዲህ ስትለኝ "አልሃምዱሊላህ" ማለት አልነበረብኝም? ማረፍ አልነበረብኝም? እኔ ግን ደሜ ፈላ። ማንን ነው የማታስታውሰው? የኔን ሰይድ? ገበያ ሲገባ ሴቱ ሁሉ ነጠላውን የሚያስተካክልለትን? "ስሚኝ" ብዬ አጠገቧ ቁጭ አልሁ። ጥርሱን ነገርኋት፤ ሲስቅ ፍንጭቱ እንዴት እንደሚታይ። አረማመዱን፣ ትከሻውን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርጎ። ስታመም ዓሣውን በእጁ አጥንቱን ለቅሞ እንዴት እንዳጎረሰኝ። ቢላውን እንዴት እንደመለሰ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው ይላሉ፤ እኔ አላስረዘምሁትም፣ እንደነበረ ነው የነገርኋት። ግጥሙንም አልሁላት፣ በሌለኝ ድምፅ። ሰሚራ ክራሯን አውጥታ ዜማውን ፈልጋ አገኘችውና ቀስ ብላ አጀበችኝ። እንባዬ መጣ። ሰውየውን ሳያውቁ እነሱም አለቀሱልኝ።

ጦይባ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። "ሱብሃነላህ" አለች። "ይህን የመሰለ ወንድ ሦስት ገበያ ፊቴ ተቀምጦ አላየሁትም? ሥራዬ ነው የቀበረኝ።" ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝ። "ያኔ ቀና ብዬ ባየው ኖሮ፣ እህቴ፣ ወላሂ አልመልስልሽም ነበር።"

ቅቤዬን አንስቼ ተነሳሁ።

"ምነው? ምን ሆንሽ? ቡና ሳትጠጪ!" አለች። "ነገም ነይ እንግዲህ፣ ስለ እሱ ጨርሺልኝ።"

"አልመጣም!" አልሁና ወጣሁ። አራሷ ቤት እስክደርስ እንደ እብድ ብቻዬን እያወራሁ ነበር። አታውቀውም ነበር እኮ። ጫማውን ብቻ ነበር ያየችው። አርባ ዓመት ሙሉ ከእሷ ስጠብቀው ኖሬ፣ ይኸው በስተርጅና በገዛ እግሬ ሄጄ፣ በገዛ አፌ ሰይዴን አስወደድኋት።